ጉበት ላይ ጠባሳ አለ ከተባልን የትኛውን ሕክምና እንምረጥ?

ባለፈው ክረምት ሁለት ዘመዶቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ የምርመራ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። አንዱ አጎቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፉና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላዋ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚሁ ባሕር ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። የሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፤ ፋይብሮሲስ። የጉበት ጠባሳ ማለት ነው።

አጎቴ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው አዩና፣ “በሽታችን አንድ ከሆነማ መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንግዛው፣ ልጄ” አሉኝ።

አንድ አይደለም። የሁለቱ ጠባሳ የተሠራበት መንገድ ይለያያል። የሚያዋጣቸው ሕክምናም እንደዚያው። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በዚያ ሰሞን ያነበብኩትን፣ ሐኪሞችን የጠየቅኩትንና ለሁለቱ ያስረዳኋቸውን ግን እዚህ ላስቀምጠው። ይሄ ወረቀት ያለበት ቤት ብዙ ነውና።

ጠባሳው እንዴት ይሠራል?

የጭቃ ቤት ያላየ የለም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ይመረጋል። ደግ ነገር ነው። ግን ከግድግዳው ሥር ውኃ እየገባ ከሆነ ስንጥቁ ይመለሳል። እንደገና ይመረጋል፣ እንደገና ይሰነጠቃል። ሲደራረብ ሲደራረብ ምርጊቱ መስኮቱን ይደፍነዋል። ጉበት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የመስኮቱ ነገር ጭምር። በጉበት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ላይ የእውነት ቀዳዳዎች አሏቸው። ደም የያዘው ነገር ወደ ጉበት ሴሎች የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። ጠባሳ ሲበዛ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ።

መራጊው ማን ነው? ኮከብ የሚመስል ሴል ነው። በደም ሥሩና በጉበት ሴሎቹ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይኖራል። በደህናው ቀን ሥራው ቫይታሚን ኤ ማጠራቀም ነው። ሰውነታችን ካከማቸው ቫይታሚን ኤ አብዛኛው ያለው እሱ ዘንድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ በቅባት ጠብታ ሞልቷል። ጉበት ሲጎዳ ግን ጠባዩ ይቀየራል። ጠብታውን ያጣል፣ ይለጠጣል፣ እንደ ጡንቻ መኮማተር ይጀምራል፣ ይባዛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮላጅን የሚባለውን ገመድ መሰል ፕሮቲን ያመርታል። ጠባሳው በአብዛኛው ኮላጅን ነው።

ትእዛዝ የሚሰጡት ብዙ ናቸው። የሚሞቱት የጉበት ሴሎች ስብርባሪ ራሱ የድረሱልን ጥሪ ነው። ኩፕፈር የሚባሉት የጉበት ዘብ ሴሎች ይህን ጥሪ ሰምተው ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃሉ። መልእክተኛው ኮከብ መሰሉ ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ ስማድ 2 እና ስማድ 3 የሚባሉ ፕሮቲኖች ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብተው የኮላጅን ጂኖችን ሥራ ያስጀምራሉ። ፒዲጂኤፍ የሚባል ሌላ መልእክተኛ ደግሞ ሴሉን “ተባዛ” ይለዋል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ለእኔ ትልቁ ነው። ጉበት ጠባሳን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችም አሉት። መራጊው ሴል ግን ቲምፕ-1 የሚባል ፕሮቲን እየለቀቀ የአፍራሾቹን እጅ ያስራል። ስለዚህ ጠባሳ አንዴ ተገንብቶ የሚቀር ድንጋይ አይደለም። በየቀኑ ይገነባል፣ በየቀኑ ይፈርሳል። ጉዳዩ የትኛው በለጠ ነው። ጉዳቱ ሲቆም ከመራጊዎቹ ከፊሎቹ ይሞታሉ፣ ከፊሎቹ ወደ ድሮ እንቅልፋቸው ይመለሳሉ። የአፍራሾቹ እጅም ይፈታል። ጠባሳ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሲሮሲስ፣ ማለትም የመጨረሻው የጠባሳ ደረጃ፣ አንዴ ከመጣ አይመለስም ተብዬ ነው የተማርኩት። ዛሬ ለተማሪዎቼ እንደዚያ አልልም።

ሐኪሞች የጠባሳውን ደረጃ ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ይጽፉታል። ኤፍ 4 ሲሮሲስ ነው።

መነሻውን ማስቆም፤ እስካሁን ያሸነፈው መንገድ

ሕክምና በአራት በኩል ሊገባ ይችላል። መነሻውን ማስቆም፣ ብግነቱን ማብረድ፣ መራጊውን ሴል መያዝ፣ ወይም የተሠራውን ጠባሳ ማፍረስ። ለሰሚ የሚያጓጉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ጠባሳው ከየትም ይምጣ ከየት ይሠራሉ ተብለው ይታሰባሉና። የአጎቴ “አንድ መድኃኒት” የሚኖረው እዚያ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ያዳነው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

የአክስቴ ልጅ መነሻዋ ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን ተጻፈላት። በቀን አንድ ነው። ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበትን ኢንዛይም ያግዳል። ኮላጅንን አይነካም፣ ኮከብ መሰሉን ሴልም አይነካም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ላይ፣ ክኒኑን 5 ዓመት ወስደው የጉበት ናሙና በመርፌ ከሰጡት 348 ሰዎች በ51 በመቶው ላይ ጠባሳው ቀንሶ ተገኝቷል። ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች ደግሞ 74 በመቶው በ5ኛው ዓመት ሲሮሲስ የሚባል ደረጃ ላይ አልነበሩም። ይህን ቁጥር ደጋግሜ ነው ያየሁት። ውኃው ሲቆም ቤቱ ራሱን መጠገን ጀመረ ማለት ነው።

ጉድለቱም ይነገር። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ይጨቁነዋል እንጂ ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣውም። ስለዚህ ሕክምናው ለዓመታት ይቀጥላል። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ነው፤ ቫይረሱ በኃይል ሊነሳና ጉበቱን ባንዴ ሊጎዳው ይችላል። ኩላሊት ላይ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ኢንቴካቪር ስለሚባለው ሌላ ክኒን ይጠይቅ። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ነገሩ ይቀልላል። ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የሚባሉ ክኒኖች አብረው ብዙውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ይወሰዳሉ፣ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሰው ይድናል፣ አለቀ።

አጎቴ ጋ ስንመጣ ጣና ጋ ነው የምንመጣው። የእሳቸው መነሻ ብልሃርዚያ ነው። ደንገሉ ሥር፣ ውኃው ረጋ ባለበት ዳርቻ ላይ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከእነሱ የሚወጣው እጭ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ካደገ በኋላ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። አንዲት ሴት ትል በቀን ወደ 300 እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ በሰገራ ይወጣል። ከፊሉን ደም ጠርጎ ወደ ጉበት ይወስደውና መግቢያው ላይ ባሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ይሰነቀራል። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል ይከበዋል። እዚህ ላይ ዋናው አዛዥ ኢንተርሉኪን-13 የሚባል መልእክተኛ ነው። ጠባሳው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን የደም ሥር ተከትሎ እንደ ቧንቧ ይጠመጠማል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። በብልሃርዚያ የጉበት ሴሎቹ ብዙም አይጎዱም። ጉበቱ ሥራውን ይሠራል። የተበላሸው የደሙ መንገድ ነው። መግቢያው ሲጠብ ደም ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ የጉሮሮ ቧንቧ የታችኛው ጫፍ ላይ ያሉ ሥሮች ይወጠራሉ። አጎቴ አልጋው ላይ ሲጋደሙ ሐኪሙ እጄን ይዞ በግራ ጎድናቸው ሥር አሳረፈው። “ተንፍሱ” ሲላቸው አንድ ጠጣር ጠርዝ ከጎድኑ ሥር ወርዶ ጣቴን ነካኝ። ጣፊያቸው ነበር። በጤነኛ ሰው ላይ በእጅ አይገኝም።

የብልሃርዚያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። በኪሎ 40 ሚሊግራም ይሰላል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራም የሆነው ክኒን አራት ይሆናል። በአንድ ቀን ያልቃል። ከቴኖፎቪር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ይመስላል። ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። ያደገውን ትል እንጂ ሕፃኑን ትል በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ቀድሞ ጉበት ውስጥ የተሰነቀረውን እንቁላል አያወጣም። ወደ ሐይቁ የተመለሰን ሰው ደግሞ ከአዲስ እጭ አይጠብቅም። ልጆች ላይ ጠባሳው ጥሩ ሆኖ ይቀንሳል። እንደ አጎቴ ለብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ግን ብዙው ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ለእሳቸው ከትሉ እኩል የደም ግፊቱ የሚያሳስበው። ማለቴ የክንድ ግፊት አይደለም፤ ወደ ጉበት በሚገባው ሥር ውስጥ ያለው ነው። ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ያንን ግፊት ይቀንሳል። የተወጠሩት ሥሮች በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ታይተው ካስፈለገ ይታሰራሉ። ሁለቱም ጠባሳውን አይነኩም። ደም ከማስታወክ ግን ያድናሉ፤ የብልሃርዚያ ጉበት ያለበትን ሰው በብዛት የሚገድለው እሱ ነው።

ስለ መነሻ ካወራን ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህ ከሰው ጉበት በፊት፣ ገና ውኃው ውስጥ ሰንሰለቱን መቁረጥ ነው። ጣና ዳር ሆኜ ሳስበው ይሄ ሐሳብ ከብዙ ውድ ሞለኪውል ይበልጥብኛል።

መሃል ላይ መምታት፤ ብዙ የወደቀበት መንገድ

ስለ አዲስ መድኃኒት በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚወራው በአብዛኛው ስለዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ የወደቁትን ማወቅ ይጠቅማል።

ሴሎንሰርቲብ ጭንቀት የገባው ሴል የሚለቀውን ምልክት ያግዳል ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጨረሻው ምዕራፍ ሙከራ ላይ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን አልተሻለም። ሴኒክሪቪሮክ የብግነት ሴሎች ወደ ጉበት እንዳይጎርፉ ይዘጋል፤ እሱም በመጨረሻው ሙከራ አልሠራም። ሲምቱዙማብ የኮላጅን ገመዶችን እርስ በርስ የሚያስረውን ኢንዛይም ለመያዝ የተሠራ ነበር፤ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም ያማረኝ እሱ ነው፤ በሰው ላይ ግን ለውጥ አላመጣም።

ለምን? እንደ እኔ ግንዛቤ መራጊው ሴል ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው። አንዱን በር ስትዘጋበት በሌላው ይጠራል። ታዲያ ዋናውን ቲጂኤፍ-ቤታን ለምን አይዘጉትም? ይህ መልእክተኛ ሌላ ሥራም አለውና ነው። የሰውነት መከላከያ እንዳያብድ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ሴሎች ወደ ካንሰር እንዳይሄዱም ይገታል። በመላ ሰውነት ላይ ሲዘጋ በእንስሳት ላይ የልብ ቫልቭ ጉዳት ታይቷል። አሁን ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ጠባሳው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ የሚያግደውን መንገድ ነው፤ ለምሳሌ ኢንቴግሪን በሚባሉት፣ ቲጂኤፍ-ቤታን ከተኛበት በሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች በኩል። የኢንተርሉኪን-13ም ነገር እንዲሁ ነው። በብልሃርዚያ የተያዙ አይጦች ላይ ሲታገድ ጠባሳው ቀንሷል። ለአጎቴ የሚሰጥ መድኃኒት ግን ገና አልሆነም።

ስለዚህ አንድ ሰው “ጠባሳ የሚያሟሟ” ብሎ ውድ ብልቃጥ ቢያቀርብላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ማንኛውንም የጉበት ጠባሳ በቀጥታ የሚያፈርስ ተብሎ ለሰው የጸደቀ መድኃኒት የለም።

በስብ የተነሳ ጠባሳ

ውፍረትና ስኳር ያለበት ሰው ሌላ ምዕራፍ ነው፤ ባሕር ዳርም እየበዛ ነው። እዚህ አዲስ ነገር አለ። ሬስሜቲሮም እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ጸደቀ። በጉበት ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ ቀስቅሶ ስቡ እንዲቃጠል ያደርጋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ጠባሳቸው ቢያንስ አንድ ደረጃ የቀነሰላቸው ከመቶ 24 እስከ 26 ናቸው። ማስመሰያውን ከወሰዱት 14። ሴማግሉታይድ የሚባለው ሳምንታዊ መርፌም እ.ኤ.አ. በ2025 ለዚሁ ተፈቀደ፤ በ72 ሳምንት ውስጥ 37 ከመቶ፣ ማስመሰያው 22። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ሁለቱም የታዩት ኤፍ 2 እና ኤፍ 3 ላይ ነው። ልብ በሉ፣ እነሱም ከመነሻው በኩል ነው የገቡት። ከሰውነቱ ክብደት 10 በመቶ የቀነሰ ሰው ጉበት ላይም ጠባሳው ሲመለስ ታይቷል። ሰማንያ ኪሎ ለሆነ ሰው ስምንት ኪሎ ማለት ነው። አቅሙ ለማይፈቅድ ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ በአረቄና በጠላ ለተጎዳ ጉበት ደግሞ መጠጡን ማቆምን የሚተካ ክኒን የለም።

ወረቀቱን ማንበብ

ጠባሳን ለመገመት ሁልጊዜ መርፌ አያስፈልግም። ኤፕሪ የሚባል ቀላል ስሌት አለ። ኤኤስቲ የሚባለውን ኢንዛይም በላብራቶሪው ከፍተኛ ጤናማ መጠን አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ ከዚያ በሺህ በተጻፈው የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ሴሎች) ቁጥር አካፍሉ። የአክስቴ ልጅ ኤኤስቲዋ 80፣ የላብራቶሪው ጣሪያ 40፣ ፕሌትሌቷ 120 ሺህ ነበር። 80 ለ40 ሲካፈል 2፤ በ100 ሲባዛ 200፤ ለ120 ሲካፈል ወደ 1.67። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ለሄፓታይተስ ቢ ባወጣው መመሪያ ከ0.5 በላይ የሚያሳስብ ጠባሳ ነው፤ ከ1 በላይ ሲሮሲስን ያስጠረጥራል። እሷ ሕክምና የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው።

ይህንኑ ስሌት ለአጎቴ ብንሠራው ግን ሊያሳስተን ይችላል። የእሳቸው ፕሌትሌት የቀነሰው ያበጠው ጣፊያ እያስቀረው ነው፤ ቁጥሩ ጉበታቸው ከሆነው በላይ የተበላሸ ያስመስለዋል። ለእሳቸው የሚሻለው አልትራሳውንድ ነው። በደም ሥሩ ዙሪያ የተጠመጠመው ጠባሳ እዚያ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ሐበሻ መድኃኒት፣ ጫትና ቡና

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ የሄደ ሰው የለም። “የወፍ በሽታ” ስንል ዓይን ቢጫ መሆኑን ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው ሄፓታይተስ ኤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይሽራል። በመሃል ቅጠል የተሰጠው ሰው ቅጠሉ አዳነኝ ይላል፤ አልፈርድበትም። ጠባሳ ግን ዓመታት ሙሉ ዓይን ቢጫ ሳያደርግ፣ ሆድ ሳያሳምም ይሠራል። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚለውም ትክክል አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ሰዎች ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ የሞቱበት በሽታ ሲመረመር፣ ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም መርዝ ተገኝቷል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎችም በራሱ ፈቃድ ባይገዛ ይሻላል።

ጫትን በተመለከተ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሠራ ጥናት ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ በቃሚዎች ላይ በርክቶ ታይቷል። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት የሚበቅል እንደ መሆኑ ጉበቱ ጠባሳ ያለበት ሰው ቢተወው እላለሁ። ቡና ላይ ግን ዜናው መልካም ነው። ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ በብዙ አገር ታይቷል። ካፌን ኮከብ መሰሉ ሴል ላይ ያለውን የአዴኖሲን ተቀባይ እንደሚዘጋ በእንስሳት ላይ ታውቋል። ሕክምና ተብሎ አይጻፍም፤ የዘጌ ቡናችሁን ግን ሳትሰጉ ጠጡ።

ሁለቱ አሁን

የአክስቴ ልጅ ክኒኗን ማታ ሱቅ ስትዘጋ ትውጣለች። ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ተመረመሩ፤ ባልየው ቫይረሱም መከላከያውም ስላልተገኘበት ክትባት ጀመረ። ልጆቹ በሕፃንነታቸው የአምስት ለአንዱን ክትባት ወስደዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ እዚያ ውስጥ አለ። ሦስተኛ ልጅ ካሰበች ግን ለሐኪሟ ቀድማ እንድትነግር አደራ ብያታለሁ። ከእንዲህ ያለች እናት የሚወለድ ልጅ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት።

አጎቴ ክኒናቸውን ውጠው፣ ሌላም ዙር ደግመው፣ ኢንዶስኮፒም ታይተዋል። አንድ ጥያቄ ግን ቀራቸው። “ውኃ አትግባ አትበሉኝ፤ ምን ልበላ ነው?” እውነታቸውን ነው። እምቦጭ ለመንቀል እስከ ወገባቸው የገቡት ወጣቶችም ያው ናቸው። ያገኘነው መፍትሔ ይህ ነው። እጩ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ መረባቸውን ጎህ ሲቀድ ያነሳሉ። ዳርቻው ላይ ረጅም የላስቲክ ቦት ያደርጋሉ። አደጋው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በዓመት አንዴ ሰገራቸውን ያስመረምራሉ። ታንኳቸው በሚያርፍበት ዳርቻም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሽንት ቤት እየቆፈሩ ነው።